ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም

በበረዶው ሰሞን ደንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር፣ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠራሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ከሰሉ ፍም፣ ዕጣኑ ጭስ። እኛ «ምሁራን» ስለ መጪው ትውልድ ስንከራከር ነፍሰ ጡሯ አጠገባችን ታስላለች። ነገሩን ባነሳው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል!» ተባልኩ።

ይህ ብሂል ይፈተሽ። ጎረቤታችን ኦሮራ ያሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ከመዘገቧቸው 1,410 ነፍሰ ጡሮች መካከል ያጨሱት የወለዷቸውን ሕፃናት ቀለል ብለው አገኟቸው። «ሲጋራ ሌላ፣ ከሰል ሌላ» የሚል ይኖራል። የከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንግዴ ልጅ አልፎ የጽንሱን ኦክስጅን ይሻማል፤ ከተወለደም በኋላ ጭሱ ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል።

ቡናው ይቅር አላልኩም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ ዕጣኑ ለጊዜው ይቆይ። የምንከራከርለት ትውልድ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።