የኮረሙ ፊልም ያልነገረን

ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ የውጭው ዓለም የሚያስታውሰው በአብዛኛው ከአንድ አጭር ፊልም የመጣ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ የጋዜጠኛ ማይክል በርክን ዘገባ ከኮረም አስተላለፈ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ፊልሙ የሚፈጀው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ሆኖም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እየተቀባበሉ አሳዩት፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብም አየው። ዛሬም ስለ ረሃብ የተሠሩ ፊልሞች ሁሉ አባት እንደሆነ ይነገርለታል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁት ይሆናል።

ኮረም ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ከላስታ ተራሮች በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረች ደጋ ከተማ ናት። ከዋግም ከላስታም እህል ፍለጋ በእግሩ ወደዚያ የወረደው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ስናይ እንደ እንግዳ አናየውም። እዚያ ጭስ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠው ሰው የአንዳችን አያት ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የፊልሙን ሥራ እናመስግን፤ ይገባዋልና። አሚን አልተጣደፈም። ንጋት ላይ ይጀምራል፤ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሜዳው በሙሉ ድንጋይ የሞላ ይመስላል፤ ከዚያ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ነው። ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የጥቅምት ውርጭ ምን እንደሆነ ለላስታ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ሜዳ ሰውን የገደለው ረሃቡ ብቻ ሳይሆን የሌሊቱ ብርድና በሽታውም ነበር፤ ካሜራው ይህን ያለ ቃል ያሳያል። አሚን ራሱ በዘመኑ ብዙ መከራ ያየ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ ከዚያም በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደግሞ ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንድ ቃል ነው። በርክ በዘገባው መግቢያ ላይ ረሃቡን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» ብሎ ጠራው። ቃሉ ከፊልሙ ጋር ዓለምን ዞረ፤ እስከ ዛሬም ስለ 1977 በተነሣ ቁጥር ይደገማል። ለማለት የፈለገው ግልጽ ነው፤ ጥንታዊ፣ ግዙፍ፣ ከሰው አቅም በላይ፣ ከሰማይ የወረደ ማለቱ ነው። እኛ በየሳምንቱ መጽሐፍ ቅዱስን እንገልጣለን፤ ስለዚህ ቃሉን ዝም ብለን ማሳለፍ የለብንም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ረሃብ እውነት እንደዚያ ነው?

ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን አንብቡ። በሰማርያ ረሃብ ጸና፤ አንድ የአህያ ራስ በ80 ብር ተሸጠ፤ እናቶች በአፍ የማይነገር ነገር እስከ ማድረግ ደረሱ። ምክንያቱ የዝናብ እጦት ነው ተብሎ አልተጻፈም። የሶርያ ንጉሥ ቤን ሃዳድ ሠራዊቱን አምጥቶ ከተማዋን ስለ ከበበ ነው። መንገድ ተዘጋ፤ እህል አልገባም። በዘፍጥረት 41 ላይ ደግሞ ድርቁ ከሰማይ መጣ፤ በግብፅ ግን እንጀራ ነበረ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሪቱን ምርት አምስተኛ እጅ በጎተራ አስቀምጦ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ረሃብ ሲናገር ንጉሥ አለ፤ ጎተራ አለ፤ ጦር አለ፤ ገበያ አለ፤ ዋጋው ሳይቀር ተጽፏል። እንግዲህ የኮረሙ ረሃብ በእርግጥ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነበር፤ ጋዜጠኛው ባሰበው መንገድ ግን አይደለም።

ይህን ለመረዳት ከፊልሙ ጎን አንድ መጽሐፍ ማንበብ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ «ሬድ ቲርስ» ይባላል፤ ቀይ ዕንባ ማለት ነው። ጸሐፊው ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ፣ በዚያ ዘመን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር የነበሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አሳታሚው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ያለው ሬድ ሲ ፕሬስ ነው፤ ኤርትራዊው ካሳሁን ቸኮል ያቋቋመው ትንሽ ማተሚያ ቤት። (ጸሐፊው ቀደም ሲል ደርግን ወክለው ኤርትራን ያስተዳደሩ መሆናቸውን ስታስቡ መጽሐፉ እዚያ መታተሙ ራሱ አንድ ታሪክ ነው።) የመጀመሪያው እትም በቀላሉ አይገኝም፤ ያለው ሰውም አያውስም። ብታገኙት ግን ፊልሙ ከሚጀምርበት ንጋት በፊት የነበረውን ረጅም ሌሊት ታያላችሁ።

እንዲህ ነው ነገሩ። መጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር መጋለጡን ተናገረ። የሚያስፈልገው እህል 900 ሺህ ቶን ነበር፤ ወደቡና መኪናው ከዚያ በላይ አይችልም ተብሎ የተጠየቀው ግን 450 ሺህ ቶን ብቻ ነው። ለጋሾቹም በቅጡ አልሰሙም። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የምትዘጋጀው ለሌላ ነገር ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበርና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሊመሠረት ነው። ከተማዋን የሚያስጌጡ ባለሙያዎች ከሰሜን ኮሪያ መጡ። ወደ ሰሜን ለመሄድ የጠየቁ የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ፈቃድ ተከለከሉ። ሊቀ መንበሩ በበዓሉ ላይ ለሰዓታት ሲናገሩ ረሃቡን አላነሡም። ዳዊት እንደሚተርኩት፣ ጉዳዩን ይዘው ወደ ሊቀ መንበሩ ሲቀርቡ የፓርቲ ሰው መሆናቸውን እንዳይረሱና በሽግግር ዘመን የማይቀር እንዲህ ያለ ችግር እንዳይውጣቸው ተነግሯቸዋል።

እንግዲህ ፊልሙ በጥቅምት ለምን ታየ? ለምን በሰኔ ወይም በነሐሴ አልታየም? ረሃቡ በጥቅምት ስለ ጀመረ አይደለም። በዓሉ ስላለፈ ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ደርግ ካሜራን የሚፈራበት ምክንያትም ነበረው። ፊልም ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። ከዚያ 11 ዓመት በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ምሽት ሲቀረው፣ በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ቀን፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ «የተደበቀው ረሃብ» ብሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሡን በትንሽ ቮልስዋገን ጭኖ ወሰዳቸው። የረሃብ ሥዕል የወሰደ መንግሥት፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው በዚያው ክፍለ ሀገር ሌላ ረሃብ ሲመጣ ካሜራውን በር ላይ አቆመው። ስለ ሁለቱ ፊልሞች የሚጻፍ ማንኛውም ሂስ ይህችን ነገር ከዘለለ ባዶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጦርነቱስ? በኮረሙ ፊልም ውስጥ ከምስሎቹ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ስለ ጦርነቱ የሚቀርልን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ተመልካቹ ይዞት የሚሄደው ድርቅን ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት በትግራይና በሰሜን ወሎ የደርግ ሠራዊት ዘመቻ ላይ ነበር፤ በዋግና በላስታ ተራሮች ኢሕዴን፣ ከዚያ ወዲያ ሕወሓት ይንቀሳቀሱ ነበር። ገበያ ተበተነ፤ የጭነት መንገድ ተቋረጠ፤ ወደ ቆላ ወርዶ በቀን ሥራ መኖር ቀረ። ገበሬው ድርቅን የሚያመልጥባቸው የቆዩ መንገዶች አሉት፤ ከብት ይሸጣል፤ ዘመድ ዘንድ ይሄዳል፤ ለአጨዳ ይሰደዳል። ጦርነቱ የዘጋው እነዚህን መንገዶች ነው። የሟቹ ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል፤ የዚህ ሁሉ ሰው ደም በደመና ላይ ብቻ አይጫንም።

እናንተ ይህን ለመረዳት መጽሐፍም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ላሊበላና አካባቢዋ በጦርነት መካከል የነበሩባቸውን ወራት ታስታውሳላችሁ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ። በዚያ ክረምት ዝናቡ እየዘነበ ጤፍ በኪሎ የሚሸጥበት ዋጋ ምን እንደደረሰ እናቶቻችሁን ጠይቁ። የሰማርያ የአህያ ራስ ዋጋ ለምን እንደተጻፈ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስና ቅሬታዬን ልናገር። «ሬድ ቲርስ» የባለሥልጣን መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ፤ አገር ለቀው የቀሩት በ1985 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ክፉው ዘመን አልፎ ነበር። የሊቀ መንበሩን ጥፋት ሲጽፉ ብዕራቸው ስለታም ነው፤ የለጋሾቹን ቸልተኝነት ሲጽፉም እንዲሁ። ስለ ሠፈራው ፕሮግራም ሲደርሱ ግን አንባቢው ደጋግሞ «እርስዎስ የት ነበሩ?» ማለቱ አይቀርም። 600 ሺህ ያህል ሰው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ከወሎ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ተጓጓዘ። ወዶ የሄደ አለ፤ ከእርዳታ ጣቢያና ከገበያ ታፍሶ የተጫነ ደግሞ ብዙ ነው። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ። የደጋ ሰው ወባ አገር ወርዶ አለቀ። ይህን በአደባባይ የተቃወመው የፈረንሳይ ሐኪሞች ቡድን ከአገር ተባረረ። ኮሚሽነሩ በዚያ ጊዜ ለውጭ ጋዜጠኞች የመንግሥትን አቋም ሲያስረዱ የነበሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ምስክርነት ነው፤ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ግን ምን አየህ ብቻ ሳይሆን ምን አደረግህ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

በነገራችን ላይ የዮሴፍን ታሪክ በወጣቶች ስብሰባ ስናስተምር ዘፍጥረት 41 ላይ እናቆማለን። ምዕራፍ 47ን ማንም አይነካውም። እዚያ ሕዝቡ እህል ለማግኘት መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ ቀጥሎ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ይሸጣል፤ ከቦታውም ይነሣል። የእርዳታ እህል የያዘ እጅ የተራበውን ሰው ወዴት ሊወስደው እንደሚችል የሚያሳይ ከባድ ምዕራፍ ነው። ለአንድ ዙር ጥናት ብታደርጉት እወዳለሁ።

የፊልሙ ሌላ ጉድለት ስም ነው። ፈረንጆቹ ሐኪሞችና ነርሶች ስም አላቸው፤ ይናገራሉ፤ ይጠየቃሉ። የእኛ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ይሞታሉ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያዳምጥ ከእንግሊዝኛው ሥር የሰዎች ድምፅ ይሰማል። ማንም አልተረጎመውም። ከዚያ በኋላ በኅዳር ወር ለንደን ላይ ዘፋኞች ተሰብስበው እርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፈን አወጡ፤ ርእሱ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ገንዘቡ ሕይወት አድኗል፤ ይህን አልክድም። ግን ገናን ያውቃሉ ወይ ተብሎ የተጠየቀው የላስታ ሰው ነው! ታኅሣሥ 29 ከአራቱም ማዕዘን ሕዝበ ክርስቲያን ወደ ላሊበላ የሚጎርፍበትን አገር ሰው። ጥያቄው የተወለደው ስም ከሌለው ፊልም ነው። ስሙን ያልጠየቅኸውን ሰው እምነቱንም አታውቅም።

እንግዲህ ፊልሙን አንይ ማለቴ አይደለም። ሰማርያ ስትራብ በበሩ የተቀመጡ አራት ለምጻሞች ወደ ሶርያ ሰፈር ሄዱ፤ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ በሉ፤ ጠጡ፤ ብርና ወርቅ ሸሸጉ፤ ከዚያ ዝም ማለታችን መልካም አይደለም ተባባሉና በሌሊት ለከተማው ነገሩ። አሚንና በርክ ሲነግሩ ብዙ ሰው በልቶ አደረ። ለምጻሞቹም ቢሆኑ ከበባው ለምን እንደ መጣ አልተናገሩም፤ ያን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

በኅብረታችሁ ፊልሙን ለማየት ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። በመጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ምስሉን ብቻ እዩ፤ ከዚያ ከድምፁ ጋር ድገሙት፤ በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ ተነጋገሩ። «ሬድ ቲርስ»ን ያገኘ ካለ ስለ 1976 የሚናገረውን ክፍል ተርጉሞ ያንብብላችሁ። ከመካከላችሁ አያቶቻቸው በዚያ ዓመት ኮረም ወርደው የነበሩ ካሉ ደግሞ ፊልሙን ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቋቸው። አላይም ካሉ አታስጨንቋቸው። መናገር ከፈለጉ ግን ፊልሙን አጥፉና የእነማን ስም እንደሚጠሩ በደብተር ጻፉ።