ምን ታያለህ? የኤሚሊ ሆምስ የአእምሮ ምስል ጥናት በመጋቢው የምክር ክፍል

ለምክር ወደ እናንተ የመጣን ሰው በመጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «ምን እያሰብህ ነው?» እንላለን። የሚመልሰውን ይዘን በቃሉ እንመዝነዋለን፤ ሐሰት ከሆነ በእውነት እንተካዋለን፤ ጸልየን እናሰናብተዋለን። በሴሚናሪ የምናስተምረው የምክር አገልግሎትም በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ እኔም እንዲሁ አስተምሬአለሁ። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ኤሚሊ ሆምስ ከሃያ ዓመት በላይ የደከሙበት ሥራ ግን ይህ ጥያቄ ግማሽ መሆኑን ያሳያል። የተጨነቀ ሰው በቃላት ብቻ አያስብም፤ ያያልም።

ሆምስ ከአንድሩ ማቲውስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ቀላል ነው። ደስ የማይሉ ሁኔታዎችን የሚገልጹ አጫጭር ገለጻዎች ለሁለት ቡድን ቀረቡ። አንዱ ቡድን ነገሩ በራሱ ላይ ሲደርስ በዐይነ ኅሊናው እንዲስል፣ ሌላው የቃላቱን ትርጉም ብቻ እንዲያስብ ተነገረው። ጭንቀቱ ይበልጥ የጨመረው በምስል ያሰበው ነው። ለሰባኪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ የሕግ አንቀጽ አልጠቀሰም፤ በድሀው ቤት እንደ ልጅ ያደገች አንዲት ጠቦት አሳየው። ዳዊትም የተቆጣው ነገሩ የራሱ መሆኑን ከማወቁ በፊት ነበር። እግዚአብሔርም ኤርምያስንና አሞጽን ምን እንደሚያዩ ጠይቋቸዋል። በመድረክ ላይ የምናውቀውን ነገር በምክር ክፍል ለምን እንደምንረሳው አላውቅም።

እኔ ግን ረስቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪና አደጋ በዐይኑ ያየ ወጣት መጣ፤ እንቅልፍ አጥቷል። ሞትን ትፈራለህ ወይ አልሁት። አልፈራም፣ የምሄድበትን አውቃለሁ አለኝ። ትምህርቱ ትክክል ስለ ነበር የማስተካክለው ሐሰት አጣሁ፤ ጥቅሶች ሰጥቼ ሸኘሁት። ወር ቆይቶ ሲመለስ ብሶበታል፤ ጥቅሶቹ ስላልሠሩለትም እምነቱን መጠራጠር ጀምሯል። የሚያየውን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ የቀረ አንድ የሴት ጫማ ነበር። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ሳይጠራው ይመጣል። በአንዱ ሸክም ላይ ሁለተኛውን የጫንሁበት እኔ ነኝ።

የጥያቄው ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን ራስን በማጥፋት ጉዳይ ላይ ነው። ሆምስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ በድባቴ የተያዙና ራሳቸውን የማጥፋት አሳብ የነበራቸውን 15 ሰዎች አነጋገሩ። ሁሉም እጅግ በከፋባቸው ወቅት ከቃል አሳብ በተጨማሪ ዝርዝር ምስል ያዩ እንደ ነበር ተናገሩ፤ ያለፈውን ሳይሆን ገና የሚሆነውን። አስቡት እንግዲህ፦ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበሃል?» የሚል መጋቢ «አላሰብሁም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ሰውየው አልዋሸም፤ የሚመጣበትን ምስል «አሳብ» ብሎ አያውቀውም። «የምታየው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የጸሎት ፕሮግራም እስኪደርስ የሚቆይ አይደለም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

የሆምስን ስም በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ቴትሪስ ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናውቀው ያ የጡብ መደርደር ጨዋታ። አሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ አስደንጋጭ ነገር ከታየ በኋላ ባሉት ሰዓታት ትዝታው ገና እየረጋ ነው። ምስል የሚይዘው የአእምሮ ክፍል ደግሞ አቅሙ ውስን ነው። ስለዚህ ያንኑ ክፍል በሌላ የዐይን ሥራ ብናስይዘው ምስሉ ኃይሉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሰቃቂ ፊልም ተሞከረ። ቀጥሎ በ2010 በወጣው ጥናት ቴትሪስ የተጫወቱት ሳይጋበዝ የሚመጣው ትዝታ ሲቀንስላቸው፣ በቃል ጥያቄና መልስ የተወዳደሩት ግን አልቀነሰላቸውም። በ2017 የታተመው ደግሞ በኦክስፎርድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የተሠራ ነው፦ 71 የመኪና አደጋ ተጎጂዎች፣ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ። አደጋውን በአጭሩ አስታውሰው ቴትሪስ የተጫወቱት በመጀመሪያው ሳምንት ያዩት ያልተጋበዘ ትዝታ ካልተጫወቱት በ62 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ 71 ሰውና አንድ ሳምንት ትንሽ ናቸው፤ «ጌም ሕመምን ይፈውሳል» ብሎ ከመድረክ የሚያውጅ ሰው ጥናቱን አላነበበም። ሁለተኛ፣ ዘዴው ትዝታን አይሰርዝም። በ2009ኙ ጥናት ተሳታፊዎቹ ስለ ፊልሙ ሲጠየቁ እንደ ሌሎቹ ያህል ያስታውሱ ነበር፤ የቀነሰው ሳይጠሩት የሚመጣው ነው። ስለዚህ «የእግዚአብሔርን ሥራ የምናስታውስበትን አእምሮ ይነካል» የሚለው ስጋት ቦታውን ስቷል። ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ ሲሰይም እግዚአብሔር መከራውን እንዳስረሳው ተናግሯል፤ ወንድሞቹ ፊቱ ሲቆሙ ግን አንዱንም አልረሳም። መርሳት ማለት ይህ ከሆነ የሆምስ ውጤት ከዚያ የራቀ አይደለም።

ከወንድሞች የምሰማው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ምስሉ ርኩስ መንፈስ ነው፤ ወይም 2ኛ ቆሮንቶስ 10 እንደሚለው ሊማረክ የሚገባው አሳብ ነው። ጳውሎስ ግን በዚያ ስፍራ የሚያፈርሰው በእግዚአብሔር እውቀት ላይ የሚነሣ ክርክርን ነው። በመንገድ ላይ የወደቀ ጫማ አይከራከርም። ዘፍጥረት 6፥5 ዘወትር ክፉ ብቻ ነው ስለሚለው የልብ ምኞት የሚጠቀመው የዕብራይስጥ ቃል «ዬጸር» ነው፤ ኢሳይያስ 26፥3 በእግዚአብሔር ተደግፎ በሰላም ስለሚጠበቀውም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ኃጢአት ያበላሸው ይህ የልብ መቅረጫ ራሱ በጸጋ የሚጠበቅ ነው፤ ተነቅሎ የሚጣል አይደለም።

ከሆምስ ጋር የምለያየው በሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአን ሃክማንና ከጄምስ ቤኔት-ሌቪ ጋር ያዘጋጁት የኦክስፎርድ መመሪያ ምስልን እንደገና ስለ መጻፍ ያስተምራል፦ ታካሚው ወደ አሮጌው ትዕይንት ተመልሶ ፍጻሜውን በዐይነ ኅሊናው ይለውጣል፤ የተበደለችው ሕፃን የሚታደጋት ሰው ሲገባ ታያለች። ያለፈው እንዳልተለወጠ ታካሚው ያውቃል፤ ሐኪሙም አያታልለውም። ነገር ግን አዲሱ ምስል የሚመዘነው ትርጉሙን በመለወጡና በማሳረፉ ነው። እውነት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ በዚህ ሰዓት ዋና አይደለም፤ ለመጋቢ ግን ዋና ነው።

ይህ ነቀፌታ ከእነርሱ ይልቅ እኛን ይነካል። በ«ውስጣዊ ፈውስ» አገልግሎት ያንኑ ዘዴ ወስደን የሚገባውን ሰው ኢየሱስ አድርገነዋል። «ጥግ ላይ ቆሞ ይታይሃል፤ ምን ይልሃል?» እንላለን። ሐኪሙ የፈጠረውን ምስል ፈጠራ ነው ይላል፤ እኛ ግን መገለጥ እንለዋለን። በተጨነቀ ሰው ምናብ ውስጥ ለጌታ ቃል ማበደር ከሁለተኛው ትእዛዝ ጋር ያጋጫል። ደግሞስ ምስሉ ያልመጣላት እኅት ምን ትበል? ኢየሱስ እኔ ጋ አልነበረም ብላ ትሄዳለች።

ዮሐንስ የተለየ ነገር ያሳየናል። በአዲስ ኪዳን ግሪክ ከሰል ፍምን የሚያመለክተው «አንትራኪያ» የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ጴጥሮስ በካደበት ግቢ በ18፥18 እና ጌታ ቍርስ ባዘጋጀበት ባሕር ዳር በ21፥9። ጌታ የግቢውን ሌሊት አልለወጠውም፤ ጴጥሮስንም ሌላ ፍጻሜ አስብ አላለውም። ያው ፍም ባለበት አዲስ ነገር በእውን አደረገ፤ ሦስት ጊዜም ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ጴጥሮስ ከሰል በሸተተው ቁጥር የሚያስታውሰው ሁለተኛ ማለዳ አለው፤ በምናብ ያልተፈጠረ፣ ዓሣውን የበላበት ማለዳ። ለተጎዱ ምእመናን ምስል መስጠት ካለብን ከዚህ እንጀምር፦ ከሆነው ነገር፣ ከጌታ እራት፣ አደጋ ወደ ደረሰበት መንገድ አብሮት ከሚሄድ ወንድም።

ለተማሪዎች ከሆምስ ሥራዎች አንድ እንድመርጥ ብጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2019 ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ባይፖላር ሕመም ያሳተሙትን መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ ስለ ሕክምናው ሳይሆን አንድን ምስል ስለሚጠይቁበት መንገድ። ምን ታያለህ? ስታየው ምን ይሰማሃል? ስለ አንተ ምን የሚል ይመስልሃል? ለምንስ እውነት ሆኖ ይታይሃል? እነዚህን በትዕግሥት መጠየቅ ለመጋቢ የተከለከለ አይደለም። ምስሉን ለመለወጥ እጁን የሚያስገባው ግን የተማረው ሐኪም ይሁን። ለዚያ ወጣት ይህን ማድረግ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር።