አሥራ ሰባት ዜሮዎች ምን ያረጋግጣሉ?

እስቲ የአሜሪካን የቴክሳስ ግዛት ከዳር እስከ ዳር በብር ሳንቲም እንሸፍነው፤ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። አንዱ ሳንቲም ላይ ምልክት አድርገን እንቀላቅለውና ዓይኑ የተሸፈነ ሰው እንላክ። ምልክት ያለበትን በመጀመሪያ ሙከራው የማንሳት ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ይህን ምሳሌ በስብከት ወይም በቪዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። ባለቤቱ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ሲቲ ኮሌጅ ሒሳብና ሥነ ፈለክ ያስተምር የነበረው ፒተር ስቶነር ነው። «ሳይንስ ይናገራል» በተባለው መጽሐፉ ስምንት የብሉይ ኪዳን ትንቢቶችን መረጠ። ስምንቱም በአንድ ሰው ላይ በአጋጣሚ የመፈጸማቸው ዕድል፣ ከ1 ቀጥሎ 17 ዜሮ ካለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው አለ። ስለዚህ መጽሐፉ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑ በሒሳብ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ግን ተረጋገጠ? ማባዛቱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ የተባዙት ቁጥሮች ናቸው።

ሁለት የውሃ ፓምፖች አስቡ። እያንዳንዱ የመቆም ዕድሉ ከ100 አንድ ከሆነ፣ ሁለቱ አብረው የመቆም ዕድላቸው ከ10,000 አንድ ነው ትላላችሁ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ቢሆንስ? መብራት ሲጠፋ እኩል ይቆማሉ። እንዲህ ማባዛት የሚቻለው አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው።

ስቶነር ለሠላሳው ብር ከ1,000 አንድ፣ ብሩ በቤተ መቅደስ ተጥሎ ለሸክላ ሠሪ ለመዋሉ ደግሞ ከ100,000 አንድ ሰጠ። ሁለቱም ግን የመጡት ከአንድ ቦታ፣ ከዘካርያስ 11፥12–13 ነው። ከአራቱ ወንጌላት «ሠላሳ» የሚለውን ቁጥርም ሆነ የሸክላ ሠሪውን መሬት የሚጠቅሰው ማቴዎስ ብቻ ነው፤ እሱም ትንቢት ተፈጸመ ብሎ እዚያው ይጽፋል። ሁለቱም ፓምፖች አንድ መስመር ላይ ናቸው።

ሁለተኛው ክፍተት ይብሳል። ስሌቱ ያቀረበልን ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ አጋጣሚ፣ ወይ እግዚአብሔር። ዘካርያስ 9፥9ን የሚያውቅ ሰው ግን ሆን ብሎ በአህያ መግባት ይችላል። ጸሐፊም ታሪኩን በትንቢቱ ቃል ሊቀርጸው ይችላል፦ ማርቆስ 11 ላይ አንድ ውርንጫ አለ፤ ትንቢቱን የሚጠቅሰው ማቴዎስ 21 ላይ አህያዋም ውርንጫዋም አሉ። እንዲህ ነው የሆነው ብዬ አልምልም። ስሌቱ ግን እነዚህን አማራጮች ሳይመዝን አልፏቸዋል።

ሦስተኛ፣ ያልገጠመው አይቆጠርም። ሕዝቅኤል 26 ናቡከደነፆር ጢሮስን እንደሚያፈርስ ይናገራል። ምዕራፍ 29 ደግሞ ንጉሡም ሠራዊቱም ከጢሮስ ድካማቸውን የሚክስ ዋጋ እንዳላገኙ ይነግረናል። በደሴት ላይ የነበረችውን ከተማ ባሕሩን ደልድሎ የያዛት ታላቁ እስክንድር ነው፣ በ332 ከክርስቶስ ልደት በፊት፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ። «ትንቢቱ ብዙ አሕዛብ ይላል፤ እስክንድርም ከነሱ አንዱ ነው» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ይሁን። ግን ማንም በማንኛውም ዘመን ቢያፈርሳት የሚቆጠር ከሆነ፣ ምን ቢፈጠር ነበር «አልተፈጸመም» የምንለው?

አሁን «ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ የሰው ፈጠራ ነው» ብላችሁ እንዳትሮጡ። አንድ ማስረጃ ወደቀ ማለት ተቃራኒው ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ከስቶነር በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያመኑ ሰዎች ያመኑት ይህን ቁጥር አይተው አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ እምነቱን በዚህ ቁጥር ላይ የሰቀለ ወጣት ነው፤ አንድ ቀን የስታቲስቲክስ ክፍል ገብቶ ቁጥሩ ሲፈርስበት እምነቱም አብሮ የፈረሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር ሲነገራችሁ፣ አማኝም ሁኑ ተጠራጣሪ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተባዙት ነገሮች የተያያዙ ናቸው? ያልተቆጠረ አማራጭ አለ? ያልገጠመውስ የት ገባ?