የሽሬው ጦርና ታሪክ ጸሐፊዎቹ

በ1928 ዓ.ም. ከጎጃም ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ የዘመተው የልዑል ራስ እምሩ ጦር፥ ከሰሜንና ከወገራ ከተከተው ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ጋር ሆኖ የፈጸመውን ሥራ አንባቢ ከሁለት የአማርኛ መጻሕፍት ያገኘዋል። አንደኛው በ1985 ዓ.ም. የወጣው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»፥ ሁለተኛው በ2002 ዓ.ም. የታተመው የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች በጦሩ ውስጥ የነበሩ፥ በኋላም ተማርከው በኢጣሊያ አገር የታሰሩ ናቸውና ቃላቸው የባለቤት ቃል ነው።

የዚህ ዐይነት ምስክርነት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከተከዜ ነገር እንረዳለን። ታኅሣሥ 5 ቀን ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ ቀላል ታንክ የያዘውን የጠላት ክፍል ድል መታ። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ በመሻገሪያው ላይ የመርዝ ጋዝ አወረደ። ማርሻል ባዶሊዮ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጦርነት መጽሐፉ የጦር ክፍሎቹን ሁሉ እየቈጠረ ሲተርክ ይህን ግን ዘሎታል፤ የኢጣሊያ መንግሥትም በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። የተጎጂው ቃል ስድሳ ዓመት ያህል ቆሞ ጠበቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለቱም ደራስያን ከራስ እምሩ ሰፈር ሆነው የጻፉ ናቸው። ስለዚህ የደጃዝማች አያሌው ጦር የሚታየን በጎረቤት ዐይን ነው። (የአገር ልጅነት አድልዎ ነው እንዳይሉን እንለምናለን።) የውጭ አገር ታሪክ ጸሐፊዎችማ ከዚህ የባሰ ያደርጋሉ፤ ደጃዝማቹ በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ካገለገሉ በኋላ የቤጌምድር ግዛት ለራስ ካሣ በመሰጠቱ ቅር መሰኘታቸውን ያነሡና፥ ኢጣሊያኖችም ይህን ቅሬታ ተስፋ አድርገው እንደ ነበር ይነግሩንና፥ ወገሬውን ሁሉ በጌታው ሆድ ይመዝኑታል። በሶውን ቋጥሮ፥ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ከደጋ ወደ ተከዜ ቆላ የወረደው ባላገር ስለ ሹመቱ ክርክር ምን ገዶት! የካቲት 21 ቀን ጀምሮ በሽሬ የተዋጋው፥ በመመለሻውም ወንዙ ላይ በቦምብና በጋዝ ያለቀው እርሱ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ እንዴት እንደ ሠራ እንመልከት። በስታሊንግራድ የተዋጋው የሶቪየት 62ኛ ጦር አዛዡ ቹይኮቭ የጻፈው ትዝታ አለው፤ ከትዝታው በቀር ግን በየክፍሉ የየዕለቱ የውጊያ መዝገብ ይጻፍ ነበርና፥ መዝገቡ በፖዶልስክ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። አዛዡ ቢሳሳት ወይም ቢያጋንን የሚያርመው ወረቀት አለ። የእኛ ጦር እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። ሥራው የተያዘው በፉከራና በለቅሶ ግጥም ነው፤ ወፍጮ ፈጭታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ማድጋ ተሸክማ ጦሩን ያዘለቀችው ሴት ደግሞ በፉከራው እንኳ ስሟ አልተጠራም። በታንኩ ላይ ወጥቶ ስለ ተዋጋው ጀግና ሁሉም ይጽፋል፤ ያን ቀን ምሳውን ማን እንዳቀበለው የጠየቀ ደራሲ አላየንም።

መጻሕፍቱን በዚህ አንነቅፋቸውም፤ ትዝታ የሚጽፍ ሰው ያላየውን እንዲጽፍ አይገደድም። የጎደለው በደባት፥ በደባርቅና በአዲ አርቃይ የሚያስተምሩ መምህራን ደብተር ይዘው ሊሞሉት የሚችሉት ነው። ለዚያ ዘመቻ የወጣውን አባቱን በዐይኑ የሸኘ ልጅ፥ ዛሬ በሕይወት ቢገኝ፥ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት በላይ ነው።