መድኃኒት ያልረታው ቃር፦ መሣሪያው ይቅደም ወይስ ምርመራው?

የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ እየተመለሰ የሚያስከትለውን ሕመም ሆድ ሳይከፈት፣ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ ለማከም የሚደረገው ጥረት ሩብ ምዕተ ዓመት አስቆጥሯል። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም ታሪኩ ጥንቃቄን ያስተምራል። ወደ ምግብ ቧንቧው የታችኛው መዝጊያ ጡንቻ በመርፌ ይሰጥ የነበረው ኤንተሪክስ የተባለ ፖሊመር በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ ሞትን ጨምሮ ከባድ ጉዳት በማድረሱ በ2005 ከገበያ ተሰብስቧል። ጡንቻውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያሞቀውን ስትሬታን በተመለከተም፣ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ የ2022 መመሪያ ውጤቱ ወጥ ስላልሆነ በአማራጭነት ሊመከር እንደማይችል ገልጿል።

የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በምግብ ቧንቧው ዙሪያ አጥፎ በማያያዣ የሚያስረው ዘዴ ነው። በ2015 በወጣ ጥናት 129 ታማሚዎች በዕጣ ተደልድለው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ አስቸጋሪው የምግብና የአሲድ መመለስ የተወገደላቸው ይህን ሕክምና ካገኙት 67 በመቶ፣ የማስመሰያ ክንውን ተደርጎላቸው ኦሜፕራዞል ከወሰዱት ደግሞ 45 በመቶ ናቸው። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የምግብ ቧንቧው ለአሲድ የሚጋለጥበት ጊዜ ከ9.3 ወደ 6.3 በመቶ ብቻ ዝቅ ማለቱ፣ የስሜት መሻሻልና የአሲድ መገታት አንድ እንዳልሆኑ ያመለክታል።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ግን «እምቢተኛ» የተባለው ቃር በእርግጥ የአሲድ ሕመም ነው ወይ የሚለው ነው። በ2019 የታተመ የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ጥናት፣ በመድኃኒት አልተሻላቸውም የተባሉ 366 ሰዎችን መርምሯል። አርባ ሁለቱ ኦሜፕራዞልን በትክክል ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ ተሻላቸው። ዘጠና ዘጠኙ ደግሞ ቃሩ ከአሲድ ጋር ያልተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ለሕክምና ንጽጽር የቀረቡት 78 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 27 ሰዎች 18ቱ ተሻሽለዋል። ጥናቱ የኢንዶስኮፒ ሕክምናን ባይፈትሽም፣ በጥንቃቄ የተመረጠ ታማሚ እንደሚጠቀም አሳይቷል።

ስለዚህ ከማናቸውም መሣሪያ በፊት መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መወሰዱ ሊጠየቅ፣ ኢንዶስኮፒ ሊደረግ፣ አሲዱም ሊለካ ይገባል። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የድያፍራም ሄርኒያ ወይም ከባድ የምግብ ቧንቧ ቁስለት ላለበት ታማሚ የማጠፉ ዘዴ አይመከርም። የአሲድ መለኪያ በሌለበት ጤና ተቋም እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ወጪ የለውም። ታማሚውን ከአላስፈላጊ ክንውን ሊያድነው የሚችለውም ይኸው ጥያቄ ነው።