ኮረብታው ላይ ያለው ቤት

የወንጀል ምርመራ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ የአኪራ ኩሮሳዋን «ገነትና ሲኦል» ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ፊልም ነው፤ መነሻውም የኤድ ማክቤይን ልብ ወለድ። የጫማ ኩባንያ ሹም የሆነው ጎንዶ ዮኮሃማን ቁልቁል ከሚያይ ቤቱ ተቀምጦ፣ ያለ የሌለውን አስይዞ ኩባንያውን ሊጠቀልል ሲዘጋጅ ስልክ ይደወላል። ልጅህን ይዤዋለሁ፣ 30 ሚሊዮን የን አምጣ ይባላል። ተሳስተው የወሰዱት ግን የሾፌሩን ልጅ ነው። ጎንዶ ከከፈለ ባዶ እጁን ይቀራል። ጎንዶን ሆኖ የሚጫወተው ቶሺሮ ሚፉኔ በዚያ ሰፊ ሳሎን ሲንቆራጠጥ፣ ሾፌሩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሲለምነው ማየት አንጀት ይበላል።

ጎንዶ በመጨረሻ ለመክፈል ይወስናል። የድሮ የጫማ ሠሪነት ሙያው ስለማይጠፋው፣ ሲቃጠል ሮዝ ጭስ የሚያወጣውን ጉዳዩን የያዙት ፖሊሶች የሰጡትን ምልክት ራሱ መሬት ተቀምጦ ቦርሳው ውስጥ ይሸሽጋል። ገንዘቡም 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚከፈት የባቡር መጸዳጃ ቤት መስኮት ይወረወራል። ኋላ ያ ጭስ በጥቁርና ነጭ ፊልም መሐል ሮዝ ሆኖ ሲወጣ ዛሬም ያስደነግጣል!

ወንጀለኛው ከኮረብታው ሥር በሙቀት የሚነፍር ክፍል የተከራየ ተለማማጅ ሐኪም ነው፤ ግብረ አበሮቹን በሄሮይን ይገድላል። ኩሮሳዋ ድህነቱን አልደበቀም፣ ግድያውንም በድህነቱ አላሳበበም። ይህን ሚዛን የጠበቀ የወንጀል ፊልም ጥቂት ነው። ጎንዶም ቤቱን አጥቶ በትንሽ የጫማ ድርጅት ሥራውን እንደገና ይጀምራል።