የአንድ ብሩ ሌላኛው ገጽ

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ አብሮት የሚፈነዳ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በቴሌቪዥን በዋሽንት ታጅቦ ይነበባል፤ አስጎብኚ ድርጅቱም በሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳትሞ ሆቴል መግቢያ ላይ ይደረድረዋል። ጸሐፊው ቢለያይም ቃሉ አይለያይም። «ተፈጥሮ ያለ ስስት ያደለቻት ምድር»፣ «ዓይንን የሚማርክ መልክዓ ምድር»፣ «ትንፋሽን ቀጥ የሚያደርግ ዕይታ»። የቦታውን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብታነቡት ስለ ዓባይ በረሃ ይሁን ስለ ሰሜን ተራሮች፣ ስለ ባሌ ይሁን ስለ ስዊዘርላንድ አታውቁም። እንደ ሰርግ ካርድ ነው፤ የሚቀየረው የሙሽሮቹ ስም ብቻ።

ዛሬ ይኼንን ጽሑፍ እንደ ማንኛውም የሥነ ጽሑፍ ሥራ ልሔሰው ነው። «ደግሞ ብሮሸር ይሔሳል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለምን አይሔስም? ከልብ ወለዱና ከግጥሙ ይልቅ አገራችንን ለባዕድም ለራሳችንም እየገለጸልን ያለው እሱ አይደል? ብዙ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ ሐያሲ ካላነበበው፣ ሐያሲ የሚባለው ሰው ሥራው ምን ሊሆን ነው?

ከወቅቱ እንጀምር። በአባቶቻችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። ጸደይ የሚመጣው ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። ታዲያ ዛሬ ስንቶቻችን ነን ጥቅምትን መፀው ብለን የምንጠራው? ብዙዎቻችን «ጸደይ» ነው የምንለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈረንጁ አበባ የሚፈካበትን ጊዜ «ስፕሪንግ» ይለዋል፤ የእኛ አበባ የሚፈካው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ የመጋቢቱን ስም አንስተን ለመስከረም ሰጠነው። የገዛ አገራችንን ወቅት እንኳ በሌላ ሰው መነጽር አይተን ሰየምነው ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የቀረውም ከዚሁ ይቀጥላል።

የቱሪዝም መፈክራችንን ውሰዱ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለዓለም ያስተዋወቁት መፈክር በእንግሊዝኛው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ነው የሚለው። በአማርኛ ግን «የ13 ወር ጸጋ» ተባለ። እኔ አማርኛውን እመርጣለሁ። ጸጋ ሲባል ዝናብም ይገባበታላ! ክረምትን የሚያውቅ ሰው አገሩን አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ናት አይልም። የሐምሌና የነሐሴው ዶፍ ባይኖር ገደሉን ማን ይሸረሽረው ነበር? በጥቅምት እንግዳው ፎቶ የሚያነሳውን አረንጓዴስ ማን ያበቅለው ነበር? በ2016 መፈክሩ ተቀየረና «ምድረ ቀደምት» ተባልን። እሰየው፣ በዚህኛው ሰው ገባበት። ግን ምን ሆኖ ገባ? አጥንት ሆኖ!

«ትንፋሽን ቀጥ የሚያደርግ» የምትለዋ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ አማርኛ ልብስ አልብሰናት ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ድልድዩ ይገኛል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣል። ላይ ጤፍ፣ ታች ማሽላ። ላይ ጋቢ፣ ታች ላብ። ዛሬ በ2008 በጃፓን እርዳታ በተሠራው ድልድይ ላይ መኪና እያጓራ ያልፋል። ከመኪና በፊት ግን ይህንን ዳገት የወጣ ነጋዴ ትንፋሹ በእውነት ተቆርጧል፤ በዕይታ ብዛት ግን አልነበረም። ለእሱ ዓባይ በረሃ ማለት ወባ፣ ሽፍታና የሞላ ውኃ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳዩን ለሽርሽር አይደለም። ሽፍታ የሚጠብቅበት፣ ሰው ከሚወደው ሰው የሚለይበት መንገድ ነው። እንዲህም ሆኖ ያንን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ጎጃምን የሚያውቃት፣ አሥር ብሮሸር ካነበበው ሰው ይልቅ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «ስለ ትውልድ ቀያችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» አልኳቸው። ከመጡልኝ ወረቀቶች አብዛኞቹ «ውብ» በሚለው ቃል ተሞልተዋል። አንዱ ልጅ ግን ውብ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፈም። አባቱ ገበያ ሲወርዱና ሲመለሱ አህያቸውን የሚያሳርፉባቸውን ቦታዎች ነበር በተራ የጻፈው፦ ጥላ ያለው ዋርካ፣ ምንጯ፣ ጭነት የሚስተካከልበት ድንጋይ፣ ዳገቱ አለቀ ተብሎ ተመስገን የሚባልበት አፋፍ። ገጹን አንብቤ ስጨርስ ያንን ዳገት የወጣሁት መሰለኝ። ከፍተኛውን ማርክ ለማን እንደሰጠሁ መናገር አያስፈልገኝም።

ያ ልጅ ያደረገው፣ የአገሬው ሰው ለዘመናት ቦታን ሲሰይም ያደረገውን ነው። የተራሮቻችንን ስሞች እስቲ ልብ ብላችሁ ስሟቸው። ጣርማ በር፣ ሳንቃ በር… በር፣ በር፣ በር። የደጋው ሰው ተራራ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየት በኩል ያሳልፋል?» ብሎ ነው። ሮዚታ ፎርብስ የምትባል እንግሊዛዊት ተጓዥ በ1920ዎቹ የሰሜንን ተራሮች አይታ፣ የጥንት አማልክት ቼዝ የተጫወቱባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ነገር ጻፈች። ግሩም ምናብ ነው፤ የመጣችው ለማየት ነውና የሚጠበቅባትን አይታለች። የሚገርመኝ የእኛው ጸሐፊ ነው። እናቱ በር ያለችውን እሱ ቼዝ ይለዋል።

አንዳንዴማ ስሙንም መልሰን ከእነሱ ነው የተቀበልነው። የአገራችን ትልቁ ተራራ፣ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ስሙ ራስ ደጀን ነው። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ፣ መከታ ማለት ነው። ቅድም ከዓባይ በረሃ ወጥተን የደረስንባት ከተማም ስሟ ያው ነው። የፈረንጅ ካርታ አንሺዎች ጆሮ «ዳሽን» ብሎ ሰማው፤ እንዲያው ተጻፈ፤ ዛሬ የባንክም የቢራም ስም ሆኖ ቀርቷል። ባንኩንም ቢራውንም አልከስም። ግን ትርጉም ያለው ቃል ሰጥተን ትርጉም የሌለው ድምፅ ስንቀበል ማንም «እንዴ!» አለማለቱ ይገርማል።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ የቃላት ነገር አይደለም ወይ? ምን ጉዳት አለው?» ትሉ ይሆናል። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ዋሊያው አነሰ፣ ግጦሹ በዛ፣ እርሻው ወደ ውስጥ ገፋ ተባለ። እውነትም ነበር። በፓርኩ እምብርት ላይ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች፤ ሰዎቿ በዚያ ብርድ ላይ ገብስ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ነበሩ። በ2016 ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ከግጭ ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

የሰዎቹ መነሳት ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ዛሬ አልፈርድም። ዋሊያ በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ ምትክ የለውም። የግጭ ገበሬም አያቱ የተቀበረበትን መሬት ለቆ ሲወጣ ምትክ የለውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያን ጊዜ የጉዞ ጽሑፎቻችን ምን አሉ? ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው በአብዛኞቹ ውስጥ ግጭ የፎቶ ማንሻ ሜዳ ናት፤ ድንኳን የሚተከልባት፣ ጅብራ የቆመባት፣ ጭላዳ የሚግጥባት። መንደር እንደነበረች እንኳ አንድ መስመር የለም። ከመጀመሪያውም ሰው በሥዕሉ ውስጥ አልነበረማ! በሥዕሉ ላይ ያልተሣለ ሰው ሲነሳ ማንም ጎደለ አይልም። ሲኖርም እንደ እድፍ ነው የሚታየው። የቃላቱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

ሰውየው ግን አለ። በ2019 የሰሜን ተራሮች በእሳት ሲያያዙ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተውናል፤ ውለታቸው አይረሳም። ከእነሱ በፊት ወደ እሳቱ የወጣው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነው። ያ «ውብ መልክዓ ምድር» ሲነድ የሮጠለት፣ በመልክዓ ምድሩ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰው ሰው ነው። ለእሱ ግጦሹም፣ ምንጩም፣ ቤቱም ነበራ!

ፍትሐዊ እንሁን። ቱሪዝም ለደባርቅ እንጀራ ነው። መሪው፣ ባለ በቅሎው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ክላሽ ይዞ እንግዳውን የሚከተለው ስካውት ከእሱ ይበላሉ። ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ባይኖር ብዙ ምድጃ አይነድም። መቆነጃጀትም የማስታወቂያ ተፈጥሮ ነው፤ ሙሽራ ሲዳር ጉድለቱ አይነገርም። ይሁን። ነገር ግን በ2021 የትግራዩ ጦርነት ደባርቅ ደጃፍ ድረስ ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። የጎብኚው እግር አጠረ፤ ባለ በቅሎው ሥራ ፈታ። በመፀው የሚፈነዳው ጽሑፍም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ሌላ ሐይቅና ሌላ ሎጅ ማድነቅ ጀመረ። አገሩን የምናስታውሰው ልናየው ስንችል ብቻ ከሆነ መጀመሪያውኑ አገሩን አልነበረም የወደድነው፤ ዕይታውን ነው። የዓባይ በረሃ ገበሬ በዚያም ጊዜ ማሽላውን ሲጠብቅ፣ የሰሜን ገበሬም ገብሱን ሲያጭድ ነበር።

ጢስ ዓባይን አስታውሱ። በደርግ ዘመን በወጣው የአንድ ብር ኖት ላይ ፏፏቴው ነበረ። በ1964 አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃውን ሲካፈሉት ጢሱ ቀነሰ፤ ብሮሸሩ ግን እስከ ዛሬ የድሮውን ሙሉ ፏፏቴ ነው የሚያሳየን። መብራት አያስፈልግም የሚል የለም። ግን እንግዳውን በየካቲት ወስደን የነሐሴን ውኃ ቃል ስንገባለት ውሸት ነው፤ ውኃው ወዴት እንደሄደ ብንነግረው ደግሞ ከፏፏቴው የማያንስ ታሪክ ነበር።

ያ አንድ ብር ዛሬ በሳንቲም ተተክቷል። የቆየ ኖት በመጽሐፍ ውስጥ የቀረላችሁ ካላችሁ ግን አውጡና እዩት። በጀርባው ፏፏቴው አለ። በፊቱ ደግሞ ፈገግ ያለ የባላገር ልጅ አለ። ገንዘቡን የሠሩት ሰዎች ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማተም አልከበዳቸውም። የመጪው መፀው ጸሐፊዎቻችንም ይኸው አይክበዳቸው። ገደሉን ያድንቁ፣ ተራራውን ያወድሱ። ብቻ ከመጨረሳቸው በፊት ወረቀቱን አንድ ጊዜ ይገልብጡት።